ከገለባ አልኮል ስለ ማውጣት፤ የኬሚካል ቅድመ ዝግጅቱና የንግድ ሒሳቡ

መከር ተሰብስቦ እህሉ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ በእርሻውና በአውድማው ላይ የሚቀረው ገለባ፥ ጭድና አገዳ በብዙ አገሮች ዘንድ ዋጋ እንደሌለው ነገር ይቈጠራል። በሚዛን ቢታይ ግን ከእህሉ ብዙም የሚያንስ አይደለም፤ በበቆሎ እርሻ ላይ ለአንድ ኩንታል እህል አንድ ኩንታል ያህል ደረቅ አገዳና ቅጠል እንደሚቀር ይገመታል። ከዚህ ተረፈ ምርት ለሞተር ነዳጅ የሚሆን አልኮል፥ ይኸውም ኤታኖል የሚባለውን ለማውጣት እንደሚቻል ከታወቀ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ታላላቅ ኩባንያዎች እንኳ ፋብሪካቸውን በከፈቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲዘጉ ታይተዋል።

የዚህ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ መመርመር ለነጋዴ ይጠቅማል። ስለ ገለባ አልኮል የሚነገረው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከገለባው ርካሽነት ነው። ነገር ግን ወጪው የሚከብደው ገለባውን በመግዛት ሳይሆን፥ ተቈልፎ ያለውን ስኳር ለመክፈት በሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ ላይ ነው። ይህ ሥራ «ቅድመ ዝግጅት» ይባላል፤ የሚፈጸመውም በአሲድ፥ በኮስቲክ ሶዳ፥ በኖራ፥ በአሞኒያ ወይም በብርቱ እንፋሎት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የገለባው አሠራር

ጠላ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እህል ብቻውን በውኃ ቢዘፈዘፍ መልካም ጠላ አይሆንም። ብቅል ሊገባበት ያስፈልጋል፤ ብቅሉ በውስጡ ባለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፥ ስኳሩን ደግሞ እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በገለባ ላይ ግን ብቅል አይሠራም። የገለባው ዋና ክፍል የሆነው ሴሉሎስ ምንም እንኳ እንደ ስታርች ከግሉኮስ ስኳር የተሠራ ቢሆን፥ የስኳሩ ቅንጣቶች የተያያዙበት መንገድ ሌላ ነው፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ጠንካራ ገመድ ሆነዋል።

ይህን በሚገባ ለመረዳት የጭቃ ቤት ግድግዳን ማሰብ ይበቃል። ሴሉሎሱ እንደ ቋሚው እንጨት ነው፤ ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ሁለተኛው ክፍል ቋሚዎቹን እንደሚያያይዘው ማገርና ልጥ ነው፤ ሦስተኛው፥ ሊግኒን የሚባለው ግን ሁሉን እንደሚሸፍነው የምርጊት ጭቃ ነው። በደረቅ ገለባና በበቆሎ አገዳ ውስጥ ሴሉሎሱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 በመቶ፥ ሄሚሴሉሎሱ ከ20 እስከ 30 በመቶ፥ ሊግኒኑ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል፤ የቀረው አመድና ሌላ ሌላ ነገር ነው። ሊግኒን ስኳር ስላልሆነ አልኮል አይወጣውም፤ ነገር ግን ለቦይለር ማገዶ ያገለግላል።

ሴሉሎስን የሚቈርጥ ኢንዛይም ያላንዳች ዝግጅት በገለባው ላይ ቢጨመር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከስኳሩ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ምርጊቱ ተፍቆ፥ ልጡ ተፈትቶ፥ ቋሚው ከተገለጠለት ግን ከ80 በመቶ በላይ ሊያወጣ ይችላል። የቅድመ ዝግጅት ጥቅሙ በዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የጥበቡ ታሪክ

በ1819 ሄንሪ ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት የበፍታ ጨርቅ ቍራጭ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ስኳር ለማግኘት ቻለ። ሴሉሎስ የሚለውን ስም ያወጣለት ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ አንሰልም ፓየን በ1838 ነው። ከዚያ በኋላ በ1910 በአሜሪካ አገር በደቡብ ካሮላይና፥ በጆርጅታውን ከተማ፥ የእንጨት ፍቅፋቂን በአሲድ እየቀቀለ አልኮል የሚያወጣ ፋብሪካ ለንግድ ተቋቋመ። ሥራው የሚቻል መሆኑ ቢረጋገጥም፥ ከሞላሰስና ከነዳጅ ዘይት ከሚወጣው ርካሽ አልኮል ጋር ይህን የመሰለ ፋብሪካ ሊወዳደር አልቻለም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አገር የከብት መኖ ስለ ቸገረው ኤርንስት ቤክማን የተባለ ኬሚስት ገለባን በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ዘፍዝፎና አጥቦ ለከብት በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ አደረገው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በሰሎሞን ደሴቶች የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ድንኳንና የጥጥ ዕቃቸው በሻጋታ እየተበላ አስቸገራቸው። ኤልዊን ሪስና ባልደረቦቹ ሻጋታውን መርምረው ሴሉሎስን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም በብዛት እንደሚያመነጭ አወቁ፤ በኋላም ሻጋታው በሪስ ስም «ትሪኮደርማ ሪሰይ» ተባለ። ዛሬ ለገለባ አልኮል ፋብሪካዎች የሚሸጠው ኢንዛይም አብዛኛው ከዚህ ሻጋታ ዘር የሚገኝ ነው። ስለዚህ አሲዱ ብቻውን ሲሠራው የነበረው ሥራ ለሁለት ተከፈለ፤ ኬሚካሉ በሩን ይከፍታል፥ ኢንዛይሙ ገብቶ ስኳሩን ያወጣል።

የኬሚካሎቹ ዓይነትና ጠባይ

ሀ) ቀጭን አሲድ። ገለባው ተከትፎ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውኃ ይርሳል፤ ከ140 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በታፈነ ጋን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀቀላል። አሲዱ ሄሚሴሉሎሱን ፈትቶ ዛይሎስ ወደሚባል ስኳር ይለውጠዋል። ዋጋው ርካሽ፥ ሥራውም ፈጣን ነው። ጉዳቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፥ ጋኑ በአሲድ የማይበላ ውድ ብረት ይፈልጋል። ሁለተኛ፥ ሙቀቱ ወይም ጊዜው ጥቂት ቢበዛ ስኳሩ ተቃጥሎ ፉርፉራል ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ይህም እርሾውን ያደክመዋል። ሦስተኛ፥ ሥራው ሲያልቅ አሲዱን በኖራ ወይም በአሞኒያ መግደል ግድ ነው። ከዚህም በቀር ተራው የዳቦ እርሾ ዛይሎስን አያብላላም፤ ይህን የሚችል እርሾ የተገኘው በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ቦታዎች በተደረገ ምርምር ነው።

ለ) ኮስቲክ ሶዳና ኖራ። እነዚህ ከአሲድ በተቃራኒ ሊግኒኑን ያሟሙታል፥ ጭረቱንም ያሳብጡታል። ኮስቲክ ሶዳ በአነስተኛ ሙቀት ይሠራል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን የሚቀረው ጥቁር ውኃ ሶዲየም ስለሚበዛበት ወደ ወንዝ ወይም ወደ እርሻ ቢለቀቅ አፈሩን ያበላሻል። የወረቀት ፋብሪካዎች ይህን ጥቁር ውኃ አትንነውና አቃጥለው ሶዳውን መልሰው ይጠቀሙበታል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን ለትንሽ ፋብሪካ የሚቻል አይደለም። ኖራ ርካሽና በብዙ አገር የሚገኝ ነው፤ ጉድለቱ ዝግተኛነቱ ነው። በመካከለኛ ሙቀት፥ ለምሳሌ በ55 ዲግሪ፥ ሥራውን ለመፈጸም ሳምንታት ያስፈልጉታል።

ሐ) አሞኒያ። በዚህ መንገድ እርጥብ ገለባ በግፊት ከተያዘ አሞኒያ ጋር ከ60 እስከ 120 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ለጥቂት ደቂቃዎች ይቈያል፤ ከዚያ ግፊቱ በድንገት ይለቀቅና አሞኒያው ሲተን ጭረቱ ይፈታል። ይህን መንገድ በማሳደግ ስሙ የሚጠራው የአሜሪካው ሊቅ ብሩስ ዴል ነው። ስኳሩ አይቃጠልም፥ የሚታጠብም ነገር የለም፤ ነገር ግን የአሞኒያው መጠን ከገለባው ክብደት ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለ1 ቶን ገለባ 1,000 ኪሎ አሞኒያ ገብቶ 97 በመቶው እንኳ ቢመለስ 30 ኪሎ ይጠፋል ማለት ነው። ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው ይህ የሚመለሰው ክፍል ነው። አሞኒያ መርዘኛ ጋዝ ስለ ሆነም አያያዙ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የአንድ ቶን ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል 1 ቶን ደረቅ የበቆሎ አገዳ 350 ኪሎ ሴሉሎስና 200 ኪሎ ሄሚሴሉሎስ አለው እንበል። ሴሉሎሱ ሁሉ ወደ ስኳር ቢለወጥ ውኃ ስለሚጨመርበት 389 ኪሎ ግሉኮስ ይሆናል፤ ሄሚሴሉሎሱም ወደ 227 ኪሎ ዛይሎስ ይሆናል። ከስኳር ወደ አልኮል የሚለወጠው በክብደት 51 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ስለዚህ ከሁለቱ የሚገኘው ኤታኖል ቢበዛ 315 ኪሎ፥ ማለትም ወደ 400 ሊትር ነው። ምንም ሳይባክን የሚሠራ ፋብሪካ ስለሌለ ከዚህ 70 በመቶው ቢገኝ 280 ሊትር ይሆናል። የአንድ ሊትር ኤታኖል ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፥ ይህ ሁሉ በኃይል የሚተካከለው ከ190 ሊትር ከማይሞላ ቤንዚን ጋር ነው።

በወጪው በኩል ደግሞ ያው 1 ቶን ገለባ ከሰባት አሥረኛው ውኃ በሆነ ድብልቅ ቢዘጋጅ 2.3 ቶን ያህል ውኃ ይገባበታል። በውኃው ውስጥ 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ቢኖር 23 ኪሎ አሲድ ያስፈልጋል። ይህን ለመግደል 17 ኪሎ ያህል የተቀዘቀዘ ኖራ ይገባል፤ ከሁለቱም 40 ኪሎ ያህል ጀሶ ይወጣል። ለአንድ ቶን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በዓመት 200,000 ቶን ገለባ ለሚፈጅ ፋብሪካ ግን 4,600 ቶን አሲድ መግዛት፥ ወደ 3,500 ቶን ኖራ ማጓጓዝና 8,000 ቶን ጀሶ የሚጣልበትን ስፍራ መፈለግ ማለት ነው።

ገለባው አፈርና አሸዋ ከያዘ ደግሞ ይህ ሒሳብ ሁሉ ይፋለሳል። በአመዱና በአፈሩ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ስኳሩ ገና ሳይነካ አሲዱን ይገድሉታል፤ አሸዋው መፍጫውን፥ ቧንቧውንና የግፊቱን በር ይፈጋል። ስለዚህ የቅድመ ዝግጅት ወጪ ከፋብሪካው በር በፊት፥ ገለባው ከመሬት በሚነሣበት አኳኋን መወሰን ይጀምራል።

ከታዩት ፋብሪካዎች የሚገኝ ትምህርት

በ2014 እና በ2015 በአሜሪካ አገር ሦስት ታላላቅ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። በ2014 በአዮዋ ኤሜትስበርግ የተከፈተው የፖኤት ዲኤስኤም ፋብሪካ በዓመት 20 ሚሊዮን ጋሎን እንዲያወጣ የታሰበ ነበር። በዚያው ዓመት በካንሳስ ሁጎቶን የአቤንጎዋ ኩባንያ ሁለተኛውን ከፈተ። በ2015 ደግሞ ዱፖንት በአዮዋ ኔቫዳ ከተማ ገለባውን በአሞኒያ የሚያዘጋጅና ከበቆሎ አገዳ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን፥ ማለትም ወደ 113 ሚሊዮን ሊትር ለማውጣት የታቀደ ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ለዚህም በአካባቢው ካሉ 500 ያህል ገበሬዎች በዓመት 375,000 ቶን ደረቅ አገዳ እንዲሰበሰብ ታቅዶ ነበር።

የሁጎቶኑ ፋብሪካ በ2015 መጨረሻ ቆመ። ዱፖንት በ2017 ከሥራው ለመውጣት መወሰኑን አስታወቀ፤ በ2018 ፋብሪካውን የገዛው ቨርቢዮ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከአገዳው አልኮል ማውጣቱን ትቶ የሚነድ ጋዝ ወደ ማምረት አዞረው። የኤሜትስበርጉ ፋብሪካ ዋና መሰናክል የሆነበትን የቅድመ ዝግጅት ችግር እንዳሸነፈ ያስታወቀው በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት፥ በ2017 ነበር፤ በ2019 ግን የመንግሥትን የነዳጅ ደንብ አፈጻጸም በምክንያትነት ጠቅሶ ማምረቱን አቆመ። በዚህ መካከል በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የበርሜል ነዳጅ ዘይት ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። እንግዲህ ፋብሪካዎቹ ጋኖቻቸውን ለማስተካከል በሚደክሙበት ጊዜ ተወዳዳሪያቸው ረከሰባቸው።

ኬሚካሉን ጨርሶ መተው መድኃኒት እንደማይሆን ደግሞ የሩማንያው ፋብሪካ ያስረዳል። ክላሪያንት የተባለው የስዊስ ኩባንያ በፖዳሪ ባቋቋመው ፋብሪካ ገለባውን ያለ ኬሚካል በእንፋሎት እያዘጋጀ ከ250,000 ቶን ገለባ 50,000 ቶን ኤታኖል ለማውጣት አቅዶ ነበር፤ ሆኖም በ2023 መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቀ።

በሕንድ አገር የተደረገው ከሌላ ችግር የተነሣ ነው። በፑንጃብና በሐርያና የሚገኙ ገበሬዎች የሩዙን ገለባ አንሥተው ለስንዴ የሚዘሩበት ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፥ በጥቅምትና በኅዳር ወራት በእርሻው ላይ ያቃጥሉታል፤ ጢሱም እስከ ደልሂ ይደርሳል። የኢንዲያን ኦይል ኩባንያ በ2022 በፓኒፓት ያስመረቀው ፋብሪካ በዓመት 200,000 ቶን የሩዝ ገለባ ተቀብሎ 30 ሚሊዮን ሊትር ኤታኖል እንዲያወጣ የታቀደ ነው። ይህ በቶን 150 ሊትር መሆኑ ነው። የሩዝ ገለባ በውስጡ ብዙ ሲሊካ ስላለው አመዱ ከሌላው ገለባ ይበልጣል። ስለዚህ የዚህ ፋብሪካ ጥቅም በሊትር ብቻ ሳይሆን በሚቀንሰው ጢስም ሊመዘን ይገባዋል።

በብራዚል ደግሞ የራይዘን ኩባንያ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ወጥቶ የሚቀረውን ባጋስ መሠረት አድርጎ በ2015 በኮስታ ፒንቶ ሥራ ጀመረ፤ በ2024ም በጓሪባ በዓመት 82 ሚሊዮን ሊትር የሚያወጣ ሌላ ፋብሪካ አስመረቀ። የባጋስ ብልጫው ግልጽ ነው፤ አገዳው ለስኳር ሲባል ወደ ፋብሪካው ስለ መጣ፥ ባጋሱ ታጥቦና ተፈጭቶ በበሩ ላይ ይገኛል። የመሰብሰቢያውና የማጓጓዣው ወጪ አስቀድሞ በስኳሩ ላይ ተከፍሏል።

በኢትዮጵያ በኩል

በኢትዮጵያ ኤታኖል የሚወጣው በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ነው። በ2008 በአዲስ አበባ ለሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ፥ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል እንዲቀላቀልበት ተደርጎ ነበር። ሞላሰስ ስኳሩ የተገለጠ ስለ ሆነ ቅድመ ዝግጅት አያሻውም፤ ሞላሰስ የሚገዛና ገለባ የሚገዛ ሰው በአንድ ሚዛን ሊወዳደሩ የማይገባቸውም ስለዚህ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ባጋስ ቢሆን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም፤ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት እርሱን በማንደድ ነው። ለአልኮል ቢወሰድ በምትኩ የሚነደው ነገር ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

የጤፍና የገብስ ጭድም ባለቤት አለው። በሬው የሚያርሰው፥ ላሚቱም የምትታለበው እርሱን በልተው ነው፤ ምርጊት የሚቦካውም በጭድ ነው፤ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። በአንድ ወረዳ ብዙ ገለባ የሚገዛ ፋብሪካ ቢቆም የመኖው ዋጋ መውጣቱ የማይቀር ነው፤ የሚጎዳውም ገለባውን የሸጠው ገበሬ ብቻ ሳይሆን ለከብቱ የሚገዛው ጎረቤቱም ጭምር ነው።

የሆነ ሆኖ የዚህ ጥበብ ትንሹ ዘር በገበሬው ግቢ ይገኛል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ በ100 ኪሎ ጭድ ላይ በመርጨትና አየር እንዳይገባበት ከድኖ ለሦስት ሳምንት ያህል በማቆየት የከብት መኖን ማሻሻል በግብርና ባለሙያዎች ሲመከር የኖረ ሥራ ነው። ዩሪያው ተፈትቶ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውም በፋብሪካው ጋን እንደሚያደርገው ጭረቱን ያላላል። የኢንዛይሙን ሥራ በከብቱ ሆድ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ይፈጽሙታል። ውድ ብረት፥ ግፊትና ማንጠሪያ አያስፈልግም፤ ገለባውም ከመንደር አይወጣም። ቤክማን በጀርመን የጀመረው ሥራ ከነዳጅ ይልቅ ለመኖ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ነጋዴው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች

የገለባ አልኮል መሣሪያ፥ ኬሚካል ወይም የአክሲዮን ድርሻ እንዲገዛ የሚቀርብለት ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ለሚከተሉት መልስ ይጠይቅ፦

ሀ) ገለባው በፋብሪካው በር ላይ፥ ከእርጥበቱና ከአፈሩ ተለይቶ፥ በደረቅ ቶን ስንት ያወጣል? ያለ ግዢ የሚገኝ ነው ከተባለስ የታሰረበት፥ የተጫነበትና ለዓመት ሙሉ ከዝናብ የተጠበቀበት ወጪ በማን ላይ ተጽፏል?

ለ) ለአንድ ቶን የሚገባው ኬሚካል ስንት ነው? ከዚያስ በመቶ ስንቱ ተመልሶ ያገለግላል? የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ፥ ነዳጅ በማስቀረት ይገኛል ከተባለው ትርፍ ላይ ተቀንሷልን?

ሐ) የሚወጣው ጀሶ፥ ጨው ወይም ጥቁር ውኃ የሚሄደው ወዴት ነው?

መ) የተባለው ውጤት የተገኘው በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ነው ወይስ ለወራት ሳይቋረጥ በሠራ ፋብሪካ?

ሠ) ገለባው እስካሁን ለማን ይጠቅም ነበር? እርሱስ በምትኩ ምን ያገኛል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቍጥር የተደገፈ መልስ የሚሰጥ ሻጭ ሊደመጥ ይገባዋል፤ ከገለባው ርካሽነት በቀር ሌላ የማይናገር ግን ከሒሳቡ ትንሹን ክፍል ብቻ እያሳየ ነው። ገለባ በእርሻው ላይ ሳለ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሲታሰር፥ ሲጫን፥ ሲታጠብ፥ በአሲድ ሲቀቀልና በኖራ ሲረጋ ግን በየደረጃው ዋጋ ይጨምራል። ከገበያው ዋጋ ጋር ሊመዘን የሚገባውም ይህ የመጨረሻው ዋጋ ነው።